እምቢ ያለ የኮርቻ ዘንግ

ብስክሌቱ ወደ ጥገና ቤቱ ሲገባ የሥራ ካርዱ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ነበር፦ «ሙሉ ሰርቪስ፤ ኮርቻው ትንሽ ከፍ ይበል።» የቀን ተኩል ሥራ ይመስል ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ በመሃሉም አንድ ተለማማጅ ቅንድቡን እሳት ለበለበው።

ዕቃው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሃይብሪድ ነው። ያኔ ፋብሪካዎች ከማውንቴን ብስክሌት ቀጥ ያለውን መሪ፣ ሦስቱን የፊት ጥርሶችና ጠንካራውን ፍሬን ወሰዱ፤ ከውድድር ብስክሌት ደግሞ ትልቁን 700ሲ ጎማ አመጡና አንድ ላይ አጋቧቸው። ፍሬሙ ክሮሞሊ ብረት ነው። ጎማው ከ35 እስከ 38 ሚሊሜትር ስፋት ይቀበላል። የጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከፋብሪካ አብረውት መጥተዋል። ተቀማጩ ቀና ብሎ ነው የሚነዳው፤ ግን እንደ ማውንቴን ብስክሌት አስፋልት ላይ አይጎተትም።

እንዲህ ያለውን ብስክሌት ሰው የሚወደው ለናፍቆት ብቻ እንዳይመስል። ሁሉም ነገሩ ይፈታል። የሞዞው (የጎማው መሃል) ኩሽኔታ የታሸገ አይደለም፤ በኮንና በነጠላ ኳሶች የሚሠራ ስለሆነ በ13 እና በ15 ቁጥር ቀጭን መፍቻ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ግራሶ ጠጥቶ ይመለሳል። ከፊት በየጎኑ 10 ኳስ፣ ከኋላ በየጎኑ 9። ለሰባትና ለስምንት ማርሽ የሚሆን ካቴና ዛሬም ይመረታል። ከፊት የሚዘምም፣ የሚከብድና ሲበላሽ የሚጣል ርካሽ ሰስፔንሽን የለውም። በአንድ ጥሩ ከሰዓት በኋላ ከዝገት ክምር ወደ ጸጥታ የሚመለስ ማሽን ነው።

ጣጣውም ከዚያው ይመጣል። እንዲፈታ የተሠራ ነገር 30 ዓመት ሳይፈታ ከቆየ ይያያዛል።

አሮጌ ሃይብሪድ የለመደ መካኒክ ካቴና ከመለካቱ በፊት ሁለት ነገር ይሞክራል፦ የመሪው አንገት ይነቃነቃል ወይ? የኮርቻው ዘንግስ? ሁለቱም አሉሚኒየም ሆነው ብረት ቱቦ ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። እዚህ ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ካቴናው ተለካ፤ አዲስ ሲሆን 12 ሙሉ ጥንድ 304.8 ሚሊሜትር መሆን ያለበት 308 ደርሷል፤ ከመቶ አንድ አልፏል ማለት ነው። እዚህ ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋልና አዲስ ካቴና ብቻውን ቢገባ ሲረገጥ ይዘላል። ስለዚህ ካቴና፣ የኋላ ጥርስ፣ የፍሬን ጎማ፣ ሽቦና ሁለት የውጭ ጎማ ታዘዘ። ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደረ በኋላ ነው አንድ ሰው የኮርቻውን ማጥበቂያ ብሎን የፈታው።

አልተንቀሳቀሰም።

የመሪው አንገት በደህና ወጥቷል። ብሎኑን ሦስት አራት ዙር ላላ አድርጎ አናቱን በእንጨት መዶሻ መታ ማድረግ፤ ታች ያለው ሽብልቅ ሲወርድ ድምፁ ይለወጣል፣ አንገቱም ይለቃል። የኮርቻው ዘንግ ግን ሽብልቅ የለውም። በማጥበቂያው ጠርዝ ዙሪያ ነጭ፣ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ዱቄት ነበር። ሌላም ምልክት ነበር፦ ማጥበቂያው የሚገጥምባቸው ሁለት የፍሬም ጆሮዎች ተነካክተዋል፤ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት መኖር ሲገባው ወረቀት አያሳልፍም። ሁሉም አየው፤ ማንም አልጻፈው።

ነጩ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው መካከላቸው የዝናብ ውሃ ወይም ላብ ሲገባ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ዝገቱ ከተበላው ብረታ ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛልና በዙሪያው ሁሉ ራሱን እንደ ሽብልቅ ይወትፋል። ሲገጠም ጣት ያህል ግራሶ ቢቀባ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

የመጀመሪያው እርምጃ ትዕግሥት ነው፤ ዝገት ፈቺ ዘይት ከላይ ማጠጣት፣ ፍሬሙን ገልብጦ ከታችም ማጠጣት። ከታች ለማጠጣት የፔዳሉ መሃል ኩሽኔታ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ መፍቻ ተሰብሯል፤ በእነዚህ ብስክሌቶች የዚህ ኩሽኔታ የቀኝ በኩል የብሎን ጥርስ ግራ-ዞር ስለሆነ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው። የግራው ፔዳልም እንዲሁ። «ሲጠብቅ እየፈታሁ ነው» ብሎ ሙሉ ክብደቱን የሚጥል ሰው ቶሎ አይነቃም።

ዘይቱ አራት ቀን እስኪሰርግ ሌላው ሥራ ቀጠለ። የማርሽ መቀየሪያዎቹ ለምሳሌ። የኋላው ማንሻ ሲገፋ «ቀጭ» አይልም፣ ባዶውን ይመለሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የተሰበረ ነገር የለም። ከፋብሪካ የተቀባው ግራሶ በዘመን ብዛት እንደ ሰም ጠንክሮ ትንሿን መንጠቆ ያዛት፤ ስፕሪንጓ ልትገፋት አቅም አጣች። መቀየሪያው መፈታት የለበትም፤ ውስጡ ያሉት ስፕሪንጎች ከተበተኑ ቦታቸውን የሚያገኝ ጥቂት ነው። ሽቦው ይወጣል፤ በሽቦው ቀዳዳና በጎን ክፍተቱ የሚያሟሟ ስፕሬይ ይነፋል፤ ማንሻው ሠላሳና አርባ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። መጀመሪያ የሚወጣው ፈሳሽ የቡና አተላ ይመስላል። ጠርቶ እስኪወርድ ይደገማል። ከዚያ ይደርቅና ቀጭን ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ፤ ግራሶ አይመለስበትም። በዚህ ብስክሌት ላይ ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ «ቀጭ» ተሰማ፤ ወዲያው ሌሎቹም ተከተሉ።

ሽቦ ሲቀየር መዘንጋት የሌለበት፦ የማርሽ ሽቦ 1.2 ሚሊሜትር ገደማ፣ የፍሬን ሽቦ 1.5 ወይም 1.6 ነው። ሽፋናቸውም ይለያያል። የማርሽ ሽፋን ውስጥ ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩ ናቸው፤ ፍሬን ላይ ቢገጠም ጠንከር ተብሎ ሲያዝ ሊፈነዳ ይችላል። በካንቲሊቨር ፍሬን ደግሞ የፊቱ ዋና ሽቦ ቢበጠስ ሁለቱን ክንዶች የሚያያይዘው አግዳሚ ሽቦ ወድቆ ጎማውን ይይዘዋል፣ ነጂውን በአፍንጫው ይደፋል። ከጎማው በላይ አንጸባራቂ ወይም የጭቃ መከላከያ መኖሩ ይህን ይመልሳል። የድሮ ሰዎች «ጌጥ ነው» ብለው የሚያወልቁት አንጸባራቂ ሥራ ነበረው።

አደጋው የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው። አንጋፋው መካኒክ ለአፍታ ወጣ ብሎ ነበር። ተለማማጁ የኮርቻውን ቱቦ በእጅ ጋዝ ማሞቅ ጀመረ፤ ታች ጭሱ መኖር አለመኖሩን ለማየትም ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ፔዳሉ ቀዳዳ አስጠጋ። ለአራት ቀን የጠጣው ዘይት ቱቦው ውስጥ ነው ያለው። ሲሞቅ ተነነ፤ መውጫው ያ ክፍት ቀዳዳ ብቻ ነበር። እሳቱ እዚያ ሲደርሰው እንደ ምላስ ተወርውሮ ወጣ። እድሉ ሆኖ አጠገቡ የነበረ ሌላ ሠራተኛ ወፍራም ጨርቅ አንስቶ የሁለቱንም ጎን ቀዳዳ አፈነው፤ አየር ሲያጣ ጠፋ። የልጁ ቅንድብ ሄደ፣ ዓይኑ ተረፈ። ከፍሬሙ መዳፍ የሚያህል ቀለም ከነጽሑፉ ተቃጥሎ አረፋ ሠራ።

አንጋፋው ተመልሶ መጀመሪያ የልጁን ፊት አየ፣ ቀጥሎ ቱቦውን።

«ማሞቁን ማን ነገረህ?»

«ጋሼ፣ ብረት ሲሞቅ ይለቃል ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ብረቱስ ይለቅ ይሆናል። ውስጥ ያለው ግን ብረት አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚሊዮን 23 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ብረት 12 ገደማ። 27 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዘንግና ቱቦ አብረው 100 ዲግሪ ቢሞቁ ዘንጉ ከቱቦው በ0.03 ሚሊሜትር የበለጠ ያብጣል። ጸጉር አያክልም፤ ግን በዝገት ለተወተፈ ነገር ተጨማሪ መዶሻ ነው። የሚጠቅመው ተቃራኒው፣ ዘንጉን ከውስጥ በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው። የብረት ብሎን በብረት ዳዶ ላይ ሲነክስ ዳዶውን ማሞቅ ይሠራል፤ ልጁ የሰማው ያንን ነው። በዚያ ላይ እሳቱ የሰረገውን ዘይት አቃጥሎ ሙጫ አደረገው።

ፍሬሙ ራሱ ተጎድቶ ይሆን የሚለው ቀጥሎ መጣ። የተቃጠለው ቀለም ተፋቀ። ብረት 220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የገለባ ቢጫ፣ 300 አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ፈዘዝ ያለ ቢጫ እንጂ ሰማያዊ አልታየም። መጋጠሚያዎቹ የተበየዱበት ነሐስ የሚቀልጠው ከዚህ እጅግ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ፍሬሙ ደህና ነው። ለባለቤቱ የዚያኑ ቀን ተደውሎ የሆነው ሁሉ ሳይሸፋፈን ተነገረ፤ ቀለሙ በጥገና ቤቱ ወጪ እንዲሠራ ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት መንገዶች ጨካኞች ናቸው። ኮርቻው ተፈትቶ የዘንጉ አናት በሞርሳ ተነከሰ፤ ፍሬሙ እንደ ማንሻ ተይዞ ቀስ ብሎ ተጠመዘዘ። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። እዚህ ግን ዘንጉ ሳይሆን ፍሬሙ ራሱ ሲጠመዘዝ በእጅ ስለተሰማ ቆመ። የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ነው፤ አንዴ ከተጠመዘዘ የሚመልሰው የለም። ኮስቲክ ሶዳ ማፍሰስም ተነሥቶ ነበር። አሉሚኒየሙን በልቶ ብረቱን ይተወዋል፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ቀለም ይልጣል። ቅንድብ በተቃጠለበት ሳምንት ማንም አልደፈረም።

ሴጌቶ ቀረ። ዘንጉ ከማጥበቂያው 4 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ተቆረጠ። ውስጡ ክፍት ነው፤ ግድግዳው 2.5 ሚሊሜትር። በ25 ሚሊሜትር ውስጥ 18 ጥርስ ያለው ምላጭ ከእጀታው ወጥቶ፣ አንድ ጫፉ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከውስጥ ወደ ውጭ በቁመት ሁለት መስመር ይሰነጠቃል፤ በመካከላቸው አንድ ሴንቲሜትር። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ 17 ሴንቲሜትር ወርዶ ስለነበር ሁለቱ መስመሮች አራት ሰዓት ያህል በሉ።

አስቸጋሪው መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ ምላጩ አሉሚኒየሙን ጨርሶ ፍሬሙን ቢይዝ በእጅ አይታወቅም። አንጋፋው ከቀዳዳው ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ማግኔት አስያዘ። በየአሥር ምቱ ልጁ የወደቀውን ብናኝ በማግኔቱ ይነካል። የአሉሚኒየም ብናኝ ዝም ይላል። በመጀመሪያው መስመር ታችኛው ጫፍ ላይ ግን ጥቂት የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ዘለው እንደ ጢም ተለጠፉ። «በቃ፣ እዚያ ቦታ አትመለስ።» ኋላ በባትሪ ሲታይ ፍሬሙ ላይ የቀረው ጥፍር የጫረው የሚያህል መስመር ነው።

በመካከል ያለው ቁራጭ በፒንሳ ተቀረፈ፤ የቀረው ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ቆርቆሮ ተሳበና ወጣ። ውስጡ ደረቅ ነጭ ቅርፊት ሞልቶታል። ልጁ ቁራጮቹን በብሩሽ ሲያጥብ ዘንጉ ቢያንስ እስከየት መግባት እንዳለበት ከሚያሳየው መስመር በታች የተመታ ቁጥር ብቅ አለ፦ 26.6።

ቱቦው በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ጸድቶ በካሊፐር ተለካ። ሦስት ቦታ፣ ሦስቱም 26.8 የሚቀበል። የኮርቻ ዘንግ በ0.2 ሚሊሜትር እየተለየ ይመረታል፤ ድሮ አንድ ሰው በእጁ የገባለትን አንድ ቁጥር ያነሰ ገጥሞ፣ ሲንሸራተትበት ብሎኑን ጆሮዎቹ እስኪነካኩ አጥብቆታል። ከላይ ተጨብጧል፣ ከሥር ዙሪያውን ክፍተት ነው። ውሃው የገባው በዚያ ነው።

ጆሮዎቹ በጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ጥቂት በጥቂት ተከፈቱ። የተፋቀው ቦታ ጸረ ዝገት ተቀብቶ በቀለም ተሸፈነ፤ ጽሑፉ ግን አልተመለሰም። አዲሱ 26.8 ዘንግ ዙሪያውን ግራሶ ተቀብቶ ሲገባ አየሩን እየገፋ፣ በሁለት ጣት ግፊት ቀስ ብሎ ወረደ። ማጥበቂያው ሲጠብቅ በጆሮዎቹ መካከል ሁለት ሚሊሜትር ቀረ።

ባለቤቱ መጥቶ ከፍታውን ሞከረ። ኮርቻው ከድሮው ቦታ የተነሣው ሦስት ሴንቲሜትር ነው።