ባዶውን ቦርሳ ስመዝነው

ዛሬ ማታ ሚዛኑን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሦስት ጊዜ ወጣሁበት። አንዴ ባዶ እጄን፣ አንዴ ቦርሳዬን ጠዋት ጠዋት እንደማነግተው ሞልቼ፣ አንዴ ደግሞ ውስጡን አራግፌ። ሙሉው 7.8 ኪሎ፣ ባዶው 1.9 ኪሎ ሆነ። ላፕቶፔ ራሱ 2.1 ኪሎ ነው። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ከላፕቶፔ ሌላ፣ አንድ ላፕቶፕ ሊያህል ምንም ያልቀረው ጨርቅ፣ ስፖንጅና ዚፕ በየቀኑ ስሸከም ኖሬአለሁ።

ለመመዘን ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝ ነገር ነው። ሥራ ቦታ ደርሼ ቦርሳውን እንደ ሁልጊዜው ከትከሻዬ አውርጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። አልወረወርኩትም፤ ከጉልበቴ በታች ነው የለቀቅኩት። ግን ደረቅ ያለ የ"ቋ" ድምፅ ሰማሁ። ስከፍተው የላፕቶፑ አንድ ማዕዘን ተጨፍልቋል፤ ክዳኑም በዚያ በኩል አልገጥም አለ። የሁለት ዓመት ሥራዬ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አብርቼ ስክሪኑ እስኪመጣ ድረስ የጠበቅኩባት ደቂቃ ረዘመችብኝ። ደግነቱ ሠራ።

ከዚያ አንድ እጄን ወደ ላፕቶፑ ኪስ እስከ ታች ሰደድኩት፣ በሌላው እጄ የቦርሳውን መቀመጫ ከውጭ ያዝኩ። ጣቶቼ ተገናኙ። በመካከላቸው ከጨርቁና ከገበሩ በቀር ምንም የለም። ጎኑ ስፖንጅ አለው፣ ጀርባውም አለው፤ ታቹ ግን ባዶ ነው። ቦርሳ ደግሞ ዘወትር የሚመታው ከታች ነው። በደንብ የታሰበበት ቦርሳ የላፕቶፑን ኪስ ከላይ አንጠልጥሎ፣ ከመቀመጫው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ነው የሚሰፋው። ቦርሳው መሬት ሲነካ ላፕቶፑ አይነካም ማለት ነው። ሰሞኑን አዲስ ልገዛ ስዞር ቦርሳ ባየሁ ቁጥር ቀለሙንም ኪሱንም ሳልመለከት መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ አንድ እጅ ከውስጥ፣ አንድ እጅ ከውጭ።

በኢንቹም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቦርሳው ላይ "ለ15.6 ኢንች" ተብሎ ሲጻፍ ኢንቹ የስክሪኑ ነው፣ ያውም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ የተለካ። የላፕቶፑን አካል ስፋት አይናገርም። ከ2021 ወዲህ የወጣው ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ 35.6 በ24.8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በስክሪናቸው ዙሪያ ሰፊ ጠርዝ የነበራቸው የድሮ ባለ 15.6 ኢንቾች ግን ከዚህ ይሰፉ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን ራሱን በሜትር ለክቶ መሄድ ነው።

ዋናው ጭንቀቴ ግን የአዲሱ ቦርሳ መጠን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ባለ 40 ሊትር ቦርሳዎችን ብቻ ነው። ምክንያቴ ጉዞ ነው፤ ለሥራም ለመንገድም አንድ ቦርሳ ይበቃኛል ብዬ። ትናንት ቁጭ ብዬ ዓመቱን ስቆጥረው ከቤት ውጭ ያደርኩባቸው ጉዞዎች አራት ናቸው። ወደ ሥራ የሄድኩባቸው ቀናት ከ230 በላይ። የድሮውን ቦርሳ ስገዛም ያሰብኩት ለአራቱ ነበር፤ የተሸከምኩት ግን በሁሉም ቀን ነው።

ሰፊ ቦታ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም። የእኔ ውስጥ ዛሬ ያገኘሁት፦ ሁለት ቻርጀር፣ ደመና የሌለበት ወር ሁሉ አብሮኝ የዞረ ጃንጥላ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ያልገለጥኩት መጽሐፍ፣ ሹራብ፣ የምን እንደሆኑ የማላውቃቸው ሦስት ገመዶች። ቦታው ስላለ ገቡ፤ ከገቡ በኋላ የሚያወጣቸው የለም። ግማሹ ብቻ ሲሞላ ይብሳል፤ ዕቃው ወደ ታችና ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ክብደት ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሰውየው ሚዛኑን ለመጠበቅ አንገቱንና ደረቱን ወደ ፊት ይሰጣል። ያው 7 ኪሎ ከጀርባ ጋር ሲጣበቅና አንድ ስንዝር ሲርቅ ሌላ ሸክም ነው። ላፕቶፑ ከጀርባ በኩል ባለው ኪስ መቀመጡ፣ የጎን ማጥበቂያዎችም መኖራቸው ለዚህ ነው። የወገብ ቀበቶ ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ስለሚያወርድ ለረጅም መንገድ ጥሩ ነው፤ ሰው በተጨናነቀበት አውቶቡስ ውስጥ ግን የሰው ልብስ ይይዛል። የደረቱ ማሰሪያ ማንገቻው እንዳይንሸራተት ያደርጋል እንጂ ሸክም አይቀንስም።

ታላቅ እህቴ ባለፈው ወር ከኋላዬ እየመጣች ድንገት አስቆመችኝ። "ቀና በል እስቲ" አለችኝ። ቀና አልኩ። "ቀና ብለህ ነው? የቀኝ ትከሻህ ወርዷል እኮ።" እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ትንሽ ዝም አለች። ያን ጊዜ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ቦርሳውን በአንድ ማንገቻ፣ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እንደማንጠለጥል ትዝ ያለኝ አሁን ነው።

ጉዞውን ሳስብም ትልቁ ቦርሳ እንዳሰብኩት አልሆነም። አየር መንገዶች የሚፈቅዱት መጠን ይለያያል። ለምሳሌ ኢዚጄት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከወንበር ሥር የሚያስገባው እስከ 45 በ36 በ20 ሴንቲሜትር ነው። ሲባዛ 32 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ባለ 40ው እዚያ አይገባም፣ ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያ ነው የሚሄደው። መደርደሪያው ሲሞላ ደግሞ ቦርሳውን በር ላይ ይቀበሉህና ወደ ዕቃ ክፍል ይልኩታል። ፓወር ባንክ እዚያ መግባት አይፈቀድም፤ የሊቲየም ባትሪ ሲግል አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። (የእኔው 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት፣ ይዞ ለመሳፈር ከተለመደው የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች።) ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ሰው ከኋላ እየገፋ፣ ፓወር ባንክና ላፕቶፕ ከታጨቀ ቦርሳ መፈልፈል ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከወንበር ሥር የሚገባው ቦርሳ ግን ከእግሬ አይለይም።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልጨነቅኩም። ዴኒየር የሚባለው 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን የሚናገር ቁጥር ነው፤ ባለ 1680ው ናይለን ብርቱ ነው፣ ግን ባዶው ቦርሳ ላይ ክብደት ይጨምራል። የድሮው ቦርሳዬ ጨርቅ ዛሬም አልተቀደደም። ያረጀው ከውስጥ ነው፤ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ሽፋን እርጥበት እየበላው ተልጦ፣ እንደ ቅርፊት እየረገፈ የላፕቶፑ ኪቦርድ ውስጥ ይገባል። ጨለም ያለ ቀን ክዳኑን ስከፍት መጀመሪያ እፍ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነበር።

በመጨረሻ ባለ 28 ሊትር ቦርሳ ገዛሁ። ባዶው 1.1 ኪሎ ነው። ጣቶቼ ከታች አልተገናኙም። ጀርባው ላይ በባለ ጎማ ሻንጣ እጀታ የሚጠልቅ ሰፊ ማሰሪያ አለው፤ ከሦስት ሌሊት በላይ ስሄድ ልብሱ በሻንጣው ይሆናል። ዛሬ ማታ ላፕቶፑን፣ አንዱን ቻርጀርና ማስታወሻ ደብተሬን ወደ እሱ አዛወርኩ። መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መለስኩት፣ ገመዶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ሞልቼ ስመዝነው 5 ኪሎ ሆነ።

አንድ ነገር አልወደድኩለትም፤ የውሃ ጠርሙስ ኪሱ ጠባብ ነው፣ ቦርሳው ሲሞላ ጠርሙሱ አይገባም። ነገ ጠዋት በእጄ ይዤው እወጣለሁ።