«እናንተ ግቡ»

መጋዙ ተሰክቷል፣ የውኃው ቱቦ ተዘርግቷል። ቦታው ከዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው፤ የአንድ ወገናችን ቤት። የሥራ ትእዛዙ የሚለው ጋራዥ ወለል ውስጥ የሚቀበር፣ ክዳኑ የሚንሸራተት፣ መኪና ከላዩ የሚቆምበት የቶርኔዶ (የሽክርክሪት አውሎ ነፋስ) መጠለያ ነው፤ እኛ ተካዮቹ ነን። ሻጩ ቤቱን ሳያይ በስልክ ነው ሽያጩን የጨረሰው።

ወለሉ ግራጫ ኢፖክሲ፣ ማለትም ጠንካራ የወለል ቀለም፣ ተቀብቷል። እንዲህ ሲሆን ወደ ውጭ ወጥቶ የመሠረቱን ጠርዝ ማየት ግድ ነው። በየጥቂት ጫማው ክብ የሲሚንቶ ምርጊት ካለ ስላቡ፣ ማለትም ቤቱ የቆመበት የኮንክሪት ወለል፣ ፖስት ቴንሽን የሚባለው ነው፤ ውስጡ የተወጠረ ኬብል አለ። እዚያ ቤት ምርጊቶቹ በረድፍ ይታዩ ነበር። የዳላስ አካባቢ አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ስለሆነ ብዙ ቤት የሚቆመው በእንዲህ ያለ ስላብ ላይ ነው። ግማሽ ኢንች የሚወፍረው ኬብል ሲወጠር ወደ 33,000 ፓውንድ በሚደርስ ኃይል ይሳባል። መጋዝ ከበጠሰው ኮንክሪቱን ፈንቅሎ ወጥቶ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማንም ባይጎዳ እንኳ የቤቱ መሠረት ይደክማል። «አትቁረጥ፣ አትሰርስር» የሚለው ማስጠንቀቂያ ወለሉ ላይ ታትሞ ኖሮ ቀለሙ ሸፍኖታል።

መጋዙን ነቀልነው። ባለቤቱ ተቆጣ፤ ገንዘቡን ከፍሎ ጨርሷልና እውነት አለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ምሽት ጋርላንድን የመታው ኢኤፍ 4 ቶርኔዶ (በጥንካሬ ከከፍተኛው በአንድ ደረጃ ብቻ የሚያንስ) በጠቅላላው 10 ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። የዚያ አካባቢ ሰው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባናል።

«ወንድሜ፣ ከመሬት በታች ካልሆነ አያድንም ብሎኛል እኮ ሻጩ» አለ።

ይህ ስሕተት ነው። አይሲሲ 500 የተባለውን የአውሎ ነፋስ መጠለያዎች የጥራት ደረጃ ያሟላ ከመሬት በላይ የሚቆም መጠለያ በሰዓት 250 ማይል ለሚነፍስ ነፋስ የተነደፈ ነው። ለሙከራ 15 ፓውንድ የሚመዝን እንጨት በሰዓት 100 ማይል ግድግዳውና በሩ ላይ ይተኮሳል። ይህን እያስረዳን ሳለ የባለቤቱ እናት ዎከራቸውን (የመራመጃ ድጋፋቸውን) ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆመው ኖሯል። ጉድጓዱ ሊቆፈርበት የተሰመረውን መስመር ትኩር ብለው አዩት።

«ደረጃው ስንት ነው?»

«ገደላገደል ነው እማማ፤ እንደ መሰላል ነው የሚወረደው።»

«እንግዲያው እናንተ ግቡ ልጆቼ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እግዚአብሔርን እለምንላችኋለሁ።»

ልጁ አንድም ቃል አልተናገረም። የተቆጣበት ፊት እዚያው ወረደ። ያ ሁሉ የስልክ ንግግር ሲደረግ «ማን ነው የሚገባበት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ይህ ዛሬም ያናድዳል። ሻጩ የጠየቀው የመኪናውን ስፋት ነው።

ከመሬት በላይ ለሚቆም መጠለያ ስሌቱን ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፍነው። ለቤተሰብ መጠለያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ስኩዌር ፊት ይያዛል፤ የቤቱ ሰዎች አራት ናቸውና 12። ለእማማ ነገ ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ ብለን 10 ጨመርን፤ 22። ውስጡ 4 በ6 ፊት የሆነው የብረት ሣጥን 24 ይሰጣል። ቦታው ወደ ቤት በሚያስገባው በር አጠገብ ያለው ጥግ ሆነ፤ የጋራዡ ትልቁ በር በነፋስ ቀድሞ የሚበረገድ ነውና ከእሱ መራቅ ይሻላል።

ሣጥኑን ከወለሉ ጋር ለሚያስሩት መልሕቅ ብሎኖችም ቢሆን ዝም ብሎ አይሰረሰርም። ወለሉ በስካነር ታይቶ፣ የኬብሎቹ መስመር ተሠምሮ፣ ቀዳዳው በመካከላቸው ይወድቃል። ድሪሉ ላይ የጥልቀት ማገጃ ይታሰራል። ከዚያ ብናኙ በአየር ተነፍቶ ይወጣል፤ ብናኝ ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ይሽከረከራል እንጂ ኮንክሪቱን አይነክስም። ማጥበቂያው አምራቹ በጻፈው ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች ነው፤ በእጅ ግምት የሚባል ነገር የለም።

ሻጩ የላከው ወረቀት «በፌማ የጸደቀ» ይላል። ፌማ፣ የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ፣ መመሪያ ያወጣል እንጂ የማንንም መጠለያ አያጸድቅም። ሊጠየቅ የሚገባው የሙከራ ሪፖርቱ ነው፤ ያውም በሩ ከነፍሬሙ፣ ከነማጠፊያውና ከነመቀርቀሪያው አንድ ላይ የተሞከረበት። በሩ ነው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው።

እማማ የላይኛውን መቀርቀሪያ አልደረሱበትም። ልጁ «ዝቅ አድርጋችሁ ብየዱት» አለ። እምቢ አልን፤ ተሞክሮ ያለፈ በር ላይ አንድ ብየዳ ከተነካ ሙከራው ዋጋ የለውም። አንድ እጀታ ሦስቱንም መቀርቀሪያ የሚወረውርበት፣ በዚያው መልኩ የተሞከረ በር ከአምራቹ ታዘዘ። ሲመጣ ከሥር ላለው ደፍ አነስተኛ መወጣጫ አደረግንለት።

በመጨረሻው ቀን እማማ ከአልጋቸው ተነሥተው ሣጥኑ ውስጥ እስኪቀመጡ ልጁ በስልኩ ሰዓት ያዘ። 95 ሰከንድ። የኮሪደሩን ጫማ መደርደሪያ ወደ ሳሎን ወሰደና እንደገና ለመናቸው፤ 70 ሆነ። እጀታውን ራሳቸው ስበው ቆለፉት።