የጎማ ባላንስ ልምምዴ፦ ዜሮን ሁለት ጊዜ ማየት

ጎማ መፍታትና መግጠም እጄ ስለገባ አሁን የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑን ወደሚለካው ባላንስ ማሽን ተሻግሬአለሁ። ማሽኑን ማዘዝ ቀላል ነው። ከማሽኑ እስከ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት የብረት ክብ) ያለውን ርቀት፣ የቸርኬውን ስፋትና ዲያሜትር ይጠይቃል፤ ከዚያ ጎማውን አሽከርክሮ በውስጥና በውጭ በኩል ስንት ግራም እንደሚጎድልና የት እንደሚጨመር ያሳያል። ጊዜዬን የሚወስደው ከዚያ በፊት ያለው ጽዳት ነው። የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጭቃ ከደረቀ ማሽኑ ጭቃውንም ጨምሮ ያመዛዝናል። ጭቃው መንገድ ላይ የረገፈ ዕለት ባላንሱም አብሮ ይሄዳል።

ጥቂት ግራም ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል ለሚል፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ጎማ በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቸርኬው ጠርዝ ላይ በአንድ ወገን የበዛ 20 ግራም በዚያ ፍጥነት ከ3 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ በሆነ ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ ይጎትታል፤ አቅጣጫውም በየዙሩ ይገለባበጣል። ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ በ50 ኪሎ ሜትር ሩብ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ጭምት የሆነ መኪና ከ80 በላይ ሲነዳ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ማረጋገጫ ይህ ነው፦ ማሽኑ ዜሮ ካሳየ በኋላ መቆለፊያውን አላልቼ ጎማውን በዘንጉ ላይ ግማሽ ዙር አዞርና መልሼ አጠብቃለሁ። ሁለተኛው ዜሮ ከመጣ ደህና ነው። በድንገት 20 ወይም 25 ግራም ከጠየቀኝ ግን ጥፋቱ የጎማው ሳይሆን የአቀማመጡ ነው፤ ሾጣጣ ማጥበቂያው ወይም ዘንጉ ቆሽሿል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ሁሉን አይዝም። ዝገቱ ያለው በቸርኬው የመሐል ቀዳዳ ላይ ከሆነ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዞር ማሽኑ ሁለቴም ዜሮ ሊል ይችላል። እዚያ የሚያዋጣው የሽቦ ብሩሽና ዓይን ነው።

ክብደት መከመር አልወድም። ማሽኑ ብዙ ግራም ሲጠይቅ ንፋሱን አስተንፍሼ ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዞረዋለሁ፤ የጎማው ከባድ ወገን ከቸርኬው ቀላል ወገን ጋር ሲገናኝ ቁጥሩ ይወርዳል። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቀላሉን ወገን ስለሚያመለክት ንፋስ መሙያው ጎን አደርገዋለሁ።

መኪናውን ወደ ላይ ከማንሣቴ በፊት ሹፌሩን ምኑ እንደሚንቀጠቀጥና መቼ እንደሆነ መጠየቅም ልማድ አድርጌአለሁ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ከፊት ጎማዎች፣ መቀመጫው ከሆነ ከኋላዎቹ እጀምራለሁ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስኩን ማየት ይሻላል፤ መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ጎማውን ለቀቅ አድርጎ ወደ ሞተሩ መሄድ ነው።

አሁን የያዝኩት የተጣመመ ቸርኬን መለየት ነው። ከጠርዙ አጠገብ አንድ ቀጭን ብረት አቁሜ ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። ክፍተቱ አንዴ እየጠበበ አንዴ እየሰፋ ከሄደ ክብደት መለጠፌን አቆማለሁ፤ እንዲህ ያለው ጎማ ማሽኑ ላይ ዜሮ ቢያሳይም መንገድ ላይ መዝለሉን አይተውም።