ግጥሙ መጣብኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው። የድሪሉ ድምፅ በሩን አልፎ ተራ ጠባቂው ጋ ስለሚደርስ ህፃናቱ ገና ሳይገቡ ማልቀስ ይጀምራሉ፣ ሀኪሙም "እስቲ የሚያረጋጋ ሙዚቃ ፈልግልን" አለኝ። አምቢየንት ደግሞ፣ ከበስተኋላ ቀስ ብሎ የሚሰማው የሙዚቃ ዓይነት፣ ነፍሴ ነው፣ ማታ እሱን ከፍቼ ነው የምተኛው፣ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ግን የአገራችን ድምፅ ይሁን አልኩና በዋሽንት የተነፋ ትዝታ ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ አስገብቼ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ ኤኮ ጨምሬበት ለቀቅኩት። ቀስ ካለና ዘፋኝ ከሌለው በቃ አምቢየንት ነው ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሐይቅ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አየሁ፣ ጥርሳቸው የጠናባቸው መስሎኝ ውሃ ይዤ ስጠጋ ፊታቸው በእንባ ርሷል። "የኔ ልጅ፣ ይሄን ነገር ዝጋልኝ፣ ግጥሙ እየመጣብኝ ነው" አሉኝ። ወዲያው ዘጋሁት። ይቅርታ ስላቸው "አብሽር" ብለው እጄን ያዙኝ፣ ያኔ የባሰ ከፋኝ። ማንን እንዳስታወሳቸው አልጠየቅኩም።

ማታ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ወሎ ላይ እኮ ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ አይደሉም፣ አገራችን ናቸው፣ ትዝታንም ዘፋኙን ብታወጣለት ሰሚው በሆዱ ይዘፍነዋል። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ለኤርፖርት ብሎ በሰራው አልበም ላይ አምቢየንት ልብ ብትለውም ባትለውም የሚሆን ሙዚቃ መሆን አለበት ብሎ ፅፏል፣ እኔ ግን ሰው ልብ ሳይለው ማለፍ የማይችለውን ነው የከፈትኩት። እሱ እዛ አልበም ላይ ነጠላ የሰው ድምፆችን ርዝመታቸው በማይገጥም የቴፕ ሉፕ ላይ፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ተያይዞ እየተደጋገመ በሚጫወት የቴፕ ክር ላይ ነው ያዞራቸው፣ አንዱ በየ23 ሰከንድ ተኩል ይመለሳል፣ ሌላው 26 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ስለዚ በተለያየ ቦታ እየተገናኙ ይሄዳሉ እንጂ አንድ ዜማ ይዘው አይቆሙም።

ዋሽንት የሚነፋ ጎረቤቴን ለምኜ ሶስት ኖታ ብቻ፣ እያንዳንዱን ትንፋሹ እስኪያልቅ አስነፋሁትና በስልኬ ቀዳሁ። ከድምፁ በፊት አየር ሲስብ የሚሰማውን "ህፍ" ቆርጬ፣ መነሻውን ቀስ እያለ እንዲገባ አድርጌ፣ አንዱን በ19 አንዱን በ23 አንዱን በ29 ሰከንድ ሉፕ አደረግኳቸው። ሶስቱ እንደ መጀመሪያው እኩል እስኪነሱ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፣ እዛ ድረስ የሚጠብቅ ታካሚ የለንም።

እኚያ እናት ለሁለተኛው ጥርሳቸው በሳምንቱ ተመለሱ። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ፊታቸውን ነው የማየው፣ ልቤ ይመታል። እሳቸው አጠገባቸው ካሉት ሴትዮ ጋር የጤፍ ዋጋ ይዘው ስማቸው እስኪጠራ ሲያወሩ ቆዩ፣ አንዴም ቀና ብለው ስፒከሩን አላዩትም።