መደቡን አፍርሼ ሠራሁት
ዛሬ ሙሉ ቀን ጓሮ ነበርኩ። አምና በሳንቃ ከፍ አድርጌ የሠራሁትን የአትክልት መደብ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ስፋቱ 2 ሜትር ስለነበር መሃሉ ላይ እጄ አይደርስም፤ አረም ልነቅል በገባሁ ቁጥር እረግጠው ነበር፣ አፈሩም ተጠቅጥቆ ዛሬ ስቆፍረው እንደ ጡብ እየተሰበረ ነው የወጣው። ካሮቶቹ ለምን እንደተጣመሙ አሁን ገባኝ። አዲሱን 1 ሜትር ከ20 አደረግኩት፣ ከሁለቱም ጎን መሃሉ ይደረሳል። አፈሩን በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ቀላቀልኩ። ትኩስ ፍግ እንዳትጨምሩ፣ ሥር ያቃጥላል። ደግሞ እባካችሁ ችግኝ አታጨናንቁ! ቲማቲም ገና ሲተከል ቦታው ባዶ ይመስላል፣ እኔም አንድ ሁለት ልጨምር ብዬ ነበር፣ ግን በመካከላቸው 50 ሳንቲ ሜትር ተውኩ። ነገ ጠዋት ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ እርጥበቱን አያለሁ፤ ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ይደርቃል።