ተማሪውን በሙሉ የሚያየው ማን ነው?

ስለ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሰው ኃይል ውይይት ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ በአንድ ቁጥር ተጀምሮ በዚያው ያልቃል፤ በተማሪ–መምህር ጥምርታ። በማስተማር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ጥምርታው በሪፖርት ላይ ጥሩ ሆኖ እየታየ ተማሪው ግን ችግሩን የሚያዋየው ሰው ማጣቱ በእጅጉ ያሳስበኛል።

1,000 ተማሪዎችና 50 መምህራን ያሉትን ትምህርት ቤት እንውሰድ። ጥምርታው 20 ለ 1 ነው፤ ማንም ቅር የሚሰኝበት ቁጥር አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ በቀን 7 ክፍለ ጊዜ የሚማር፣ እያንዳንዱ መምህር ደግሞ 5 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ከሆነ፣ በአንድ ክፍል በአማካይ የሚቀመጡት ተማሪዎች 28 ይሆናሉ። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ የአስተዳደር ሥራ ደርበው ከያዙ ወይም ለጥቂት ተማሪዎች ብቻ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጡ ከሆነ፣ የቀሩት ክፍሎች ከዚህም በላይ ይሞላሉ። በየክፍለ ጊዜው የተለያየ ክፍል የሚያስተምር መምህር በእጁ 140 ተማሪዎች አሉ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ጽሑፍ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ እንኳ አንድ ዙር እርማት ከ11 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ይህ ጊዜ በድልድሉ ውስጥ ካልታሰበ፣ ወይ ከመምህሩ እረፍት ይቀነሳል፣ ወይ ጽሑፍ ማጻፍ ራሱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ማጻፉ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው።

የክፍል መጠን ለውጥ እንደሚያመጣ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአራት ዓመታት በተካሄደ ሰፊ ሙከራ፣ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባለባቸው ክፍሎች የተማሩ ሕፃናት ከ22 እስከ 25 ተማሪ ባለባቸው ክፍሎች ከተማሩት የተሻለ ውጤት አስመዝግበዋል። በመደበኛው ክፍል ላይ ረዳት መምህር መጨመሩ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ካሊፎርኒያ በ1996 እ.ኤ.አ. የታችኛ ክፍሎችን ተማሪ ቁጥር በፍጥነት ለመቀነስ ስትነሣ ደግሞ፣ ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸውን ብዙ ሰዎች ለመቅጠር ተገድዳለች። ስለዚህ ቅጥር ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል።

እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት ግን በትንንሽ ልጆች ላይ ስለሆነ፣ እንዳሉ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሊወሰዱ አይችሉም። ትንሹ ልጅ ቀኑን በአብዛኛው ከአንድ መምህር ጋር ስለሚውል፣ ሲከፋው ወይም ሲደክመው ያ መምህር ያስተውላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሰባት መምህራን መካከል ተከፋፍሎ ይውላል። የሒሳብ መምህሩ ፈተና መውደቁን ያውቃል፣ የቋንቋ መምህርቷ የቤት ሥራ ማቆሙን ታውቃለች፣ ጠዋት ማርፈዱን የሚያውቀው ደግሞ መዝጋቢው ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ከሌለ ግን ልጁ ትምህርቱን እስኪያቋርጥ ድረስ አደጋው ሳይታወቅ ይቆያል። የሁለተኛ ደረጃ የሰው ኃይል ዕቅድ በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ለእኔ ይህ ነው፤ ተማሪውን በሙሉ የሚያየው ማን ነው? ለዚህስ ስንት ሰዓት ተመድቦለታል?

ምልክቶቹ በጊዜ የሚታዩ መሆናቸው ጥያቄውን አስቸኳይ ያደርገዋል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በ9ኛ ክፍል የሚጠበቅባቸውን ያሟሉ፣ ማለትም ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያሳልፋቸውን ያህል ትምህርት የጨረሱና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ በላይ የመንፈቅ ዓመት ውድቀት ያልገጠማቸው ተማሪዎች፣ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድላቸው ካላሟሉት ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑን አሳይተዋል። መረጃው በማንኛውም ትምህርት ቤት መዝገብ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ የጎደለው አንብቦት ተማሪውን የሚጠራ ሰው ነው።

ያ ሰው በአብዛኛው የተማሪዎች አማካሪ ሊሆን ይገባዋል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር አንድ አማካሪ ከ250 በላይ ተማሪዎች እንዳይመደቡለት፣ ከሥራ ጊዜውም ቢያንስ 80 በመቶው ተማሪዎችን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለሚጠቅም አገልግሎት እንዲውል ይመክራል። እኔ ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ ለሁለተኛው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። መምህር ሲቀር ክፍል እንዲይዝ የሚላክ፣ የፈተና ወረቀት የሚቆጥር፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣ አማካሪ በደመወዝ መዝገብ ላይ አለ፤ ለተማሪው ግን የለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቅጣት ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ትናንት ያገደውን ሰው ዛሬ ምስጢሩን የሚያካፍል ተማሪ አይኖርም።

ሁለተኛው አማራጭ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ነው። ይህ ኃላፊነት በብዙ ቦታ ከሙሉ የማስተማር ጫና ላይ ተጨምሮ ስለሚሰጥ፣ ውጤት ከመሙላትና ስም ከመጥራት አያልፍም። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት፣ ያ ጊዜ የተማሪዎቹን መዝገብ ለማየት፣ ወላጅ ለማነጋገርና ከሌሎች መምህራን ጋር ለመመካከር ቢውል፣ የሚጠይቀው ወጪ ከተጨማሪ ቅጥር በእጅጉ ያንሳል። በእርግጥ የተቀነሱትን ክፍለ ጊዜዎች የሚሸፍን መምህር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያለ በጀት የሚሆን ነገር አይደለም። ነገር ግን አንድ ተጨማሪ የሥራ መደብ ብቻ የተፈቀደለት ትምህርት ቤት ምን ያድርግ ብባል፣ መደቡን ለአዲስ ገቢዎቹ ክፍል መድቦ የእነዚያን የክፍል ኃላፊዎች ጫና ያቅልልበት እላለሁ፤ ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ቀድመው የሚታዩትም ሆነ ልጁን ገና በጊዜ መመለስ የሚቻለው በዚያ ዓመት ነውና።