በሐረጎ ዳገት ላይ ስለ ሂስቶን

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ጉዞው ከርቀቱ በላይ ይረዝማል። በዚያ ሚኒባስ የተሳፈርሁት በደሴ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሂስቶን ስለሚባሉት ፕሮቲኖችና ከካንሰር ጋር ስላላቸው ግንኙነት እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። ሊቀበለኝ ኮምቦልቻ ድረስ የወረደው ተማሪ ክፍል እስክንገባ መታገሥ ስላልቻለ፣ ዳገቱን እንደ ጀመርን «መምህር፣ የጉበትና የነርቭ ሕዋስ የያዙት ዲኤንኤ አንድ ከሆነ፣ አንዱ ጉበት ሌላው ነርቭ ሆኖ የሚቀረው በምን ምክንያት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የትምህርቱ እምብርት ስለነበር በሰፊው መለስሁለት። በአንድ የሰው ሕዋስ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ በኒውክለስ ውስጥ የሚከተተው፣ ፈትል በልቃቂት እንደሚጠቀለል፣ በስምንት ስምንት ሂስቶኖች ስብስብ ዙሪያ ስለሚጠመጠም ነው። አንዱ ጥምጥም 147 ያህል የቤዝ ጥንዶችን (የዲኤንኤ ፊደላት ጥንዶችን) ይይዛል። ጠብቆ የተጠመጠመውን ጂን የሚያነቡት ኢንዛይሞች በቀላሉ አይደርሱበትም፤ የላላውን ግን ያነቡታል። ይህን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ከሂስቶኖቹ ወደ ውጭ በሚወጡ ጭራዎች ላይ የሚለጠፉት ኬሚካላዊ ምልክቶች ናቸው። ከምልክቶቹ አንዱ የሆነው አሴቲል፣ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ሲለጠፍ አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሉን ስለሚያጠፋው፣ አሉታዊ ሙል ካለው ዲኤንኤ ጋር ያለው መሳሳብ ይላላል። ሌላው ምልክት፣ ሜቲል፣ ግን ሙሉን አይለውጥም፤ ውጤቱ የሚወሰነው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ኤች3 በተባለው ሂስቶን 4ኛ ቦታ ባለው ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲሎች ሲገኙ ብዙውን ጊዜ ጂኑ በሥራ ላይ ነው፤ በ27ኛው ቦታ ባለው ላይ ሲገኙ ግን ተዘግቷል።

ተመራማሪው ቪንሰንት ኦልፍሬይና ባልደረቦቹ አሴቲልን ከጂን መነበብ ጋር ያያያዙት በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር። ሐሳባቸው ጠንካራ ማስረጃ ያገኘው ግን በ1996 እ.ኤ.አ. የተመራማሪው የዴቪድ አሊስ ቡድን ቴትራሃይሜና ከተባለች ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረት አሴቲል ለጣፊውን ኢንዛይም ለይቶ፣ በእርሾ ውስጥ ጂን እንዲነበብ ከሚያግዝ ፕሮቲን ጋር ተመሳሳይ መሆኑን ባሳየ ጊዜ ነው። ካንሰርን ለማጥናት ከታማሚ ብቻ መነሣት አለበት ለሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ደሴ ስንገባ ብርዱ ኮት አስለበሰን። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ «የዲኤንኤው ጽሑፍ ሳይለወጥ በአጠማጠሙ ብቻ ካንሰር ይመጣል ማለት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ በየቦታው ይነገራል፤ እኔ ግን አከፋፈሉ ከልክ በላይ የጠራ ይመስለኛል። ኢዜድኤች2 የተባለው ኢንዛይም በኤች3 27ኛ ቦታ ያለውን ላይሲን ሜቲል ያለብሳል፤ ከመጠን በላይ ሲሠራ ዕጢን የሚገቱ ጂኖችን ይዘጋል። በአንዳንድ የሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ዓይነቶች ይህን ያህል የሚያሠራው በራሱ ጂን ላይ የደረሰ ሚውቴሽን፣ ማለትም የጽሑፍ ለውጥ፣ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ግኝት ደግሞ የባሰ ነው፤ በሕፃናት የአንጎል ግንድ ላይ በሚወጣ አደገኛ ዕጢ በኤች3 27ኛ ቦታ ያለው ላይሲን ራሱ ሜቲዮኒን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክቶ የኢንዛይሙን ሥራ ያውካል። በአንዱ በሽታ ምልክቱ ሲበዛ፣ በሌላው ሲጎድል ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው፤ ጽሑፉና አጠማጠሙም አብረው ይበላሻሉ።

ምልክቶቹ የሚለጠፉና የሚነሡ መሆናቸው ለሕክምና በር ከፍቷል። አሴቲልን የሚያነሡትን ኢንዛይሞች የሚገታው ቮሪኖስታት የተባለው መድኃኒት በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአንድ የቆዳ ሊምፎማ ተፈቅዷል፤ ኢዜድኤች2ን የሚገታው ታዜሜቶስታት ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ.። ስለ ቮሪኖስታት ስናገር ግን ተስፋውን ቆጠብ አደረግሁት፤ እነዚያ ኢንዛይሞች ሂስቶን ካልሆኑ ፕሮቲኖችም ላይ አሴቲል ስለሚያነሡ፣ መድኃኒቱ የሚነካው የታለመውን ጂን ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ እነዚህ ምልክቶች በማይክሮስኮፕ ይታዩ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎን፣ ከታማሚው በተወሰደ ናሙና ላይ ምልክቱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ከተደረገ በኋላ፣ ምልክቱ ያለበት ኒውክለስ ቀለም ይይዛል፤ የጎደለበት ያን ቀለም ሳይዝ ይቀራል። በዚህ ዘዴ የተለዩ ዕጢዎችን ሥዕሎች እያሳየሁ ስለ እያንዳንዳቸው ስንከራከር የምሳ ሰዓት አለፈ።